ይህን በረዶ አብረን እንውጣው

ግርማዬ፣ የቤቴ ጌታ፣

ከተለያየን ሰባት ዓመት ሞላን። እዚህ በሰው አገር፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ ያለው ቤታችን ያው ነው፤ ሊፍቱ ዛሬም ይበላሻል፣ እኔም እያማረርኩ በደረጃ እወጣለሁ። ልጃችን ሜሮን ግን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። በአማርኛ ስቆጣት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። ብታያት ትስቅ ነበር።

ቅዳሜ ለትምህርት ቤት ሥራዋ ብላ ሐይቁ ዳር ወዳለችው አሮጌ ከተማ ወሰደችኝ። ትዝ ይልሃል፣ እንደመጣን ሰሞን እሷን አዝለህ የወሰድከን? ምፅዋ ወደብ ላይ የሠራህ ሰው ነህና ማዶው የማይታይ ውሃ ሁሉ ጨው ይመስልህ ነበር። በእፍኝህ ጨልፈህ ቀመስክና፣ ይሄስ ጨው የረሱበት ባሕር ነው ብለህ አሳቅኸኝ። እዚያው ቦታ ቆሜ እኔም በእፍኜ ጨልፌ ቀመስኩ።

እዚያ ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ ዕቃ የሚያሳዩበት ሁለት ክፍል ያለው ሙዚየም አለ። የሸክላ ስባሪ፣ የአጥንት መርፌ፣ የዓሣ መንጠቆ አየን። አንዱ የመስታወት ሣጥን ግን ባዶ ነበር። አስጎብኚዋ አሮጊት እንደነገሩን፣ የጥንቶቹ የአገሩ ሰዎች አፅም ነበረበት፤ ዘሮቻቸው መጥተው ጠየቁ፣ ተቀበሉ፣ በወጋቸው ቀበሩ።

ቀና ብዬ ሜሮንን ማየት አቃተኝ። በሰባተኛው ዓመት አፅምህ አንኮበር፣ ከእናትህ ጎን እንዲያርፍ አደራ ብለኸኝ ነበር። ይህን ባነሳሁባት ቁጥር ታለቅሳለች፤ አባዬ እዚህ ከሌለ እሑድ እሑድ የት ልሂድ ትለኛለች። እኔም ለጠየቀኝ ዘመድ ሁሉ ልጅቷ እንቢ አለች እላለሁ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች። በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ አባዬን ወደ እናቱ እንውሰደው አለችኝ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ እንባዬ ቀደመኝ። ለካ እንቢ ባይዋ እኔ ነኝ! በልጅ አሳብቤ ነው እንጂ፣ አፈርህን እየዳሰስኩ የሳምንቱን ወሬ ሳልነግርህ እንዴት እንደምኖር አላውቅም። አንድን ሰው ሁለት ጊዜ መቅበር ከባድ ነው፣ ግርማዬ።

አደራ በላ አልሆንም። ፋሲካ ሲያልፍ እኔና ልጅህ እናደርስሃለን። የሐይቁን ውሃ በቀመስኩ ቁጥር፣ ሊፍቱም በቆመ ቁጥር ስምህን እጠራለሁ፤ የትም ብትሆን የምትረሳኝ አይደለህም።

እስከዚያው ግን አትቸኩልብኝ። ይህን በረዶ ብቻ አብረን እንውጣው። እሑድ እመጣለሁ።

ሚስትህ አስካለ