በመጽሐፍህ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌዎች

ለምወድህ ወንድሜ ለዕዝራ ወልደጻድቅ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? የደርባን አየር፣ ሥራው፣ ሰዉስ እንዴት ይዞሃል? ሱቅ ውስጥ ቆመህ ስትውል ያብጥብህ የነበረው እግርህ ተሻለው ወይ? የበላኸው ይስማማህ፣ የረገጥከው ይመችህ፣ ክፉ አይንካህ እያልኩ በጸሎቴ አስብሃለሁ። እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደኅና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ኅዳር ነውና አሰላ ብርዷን አጥብቃዋለች፤ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ይታያል። ስንዴው ደርሶ ኮምባይነሩ ሲጮህ ይውላል፤ ዝናብ ሳይመታው እንዲገባ ሰዉ ሁሉ ሰማይ ሰማይ ያያል።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ የጎረቤታችን ልጅ ኢርሻድ ነው። ዕረፍቱን ጨርሶ ወደ እናንተው መመለሱ ነው። የአጥር ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ በገብስና በቅቤ የሠሩልህን ጪኮም ይዞልሃል። ጾሙ ስለገባ ቅቤውን እያየህ አትተክዝ፤ ጪኮ ቢቆይ አይከፋም፣ ገና ሲደርስ ትበላዋለህ። ለኢርሻድም አካፍለው፤ መንገድ ላይ ካልጨረሰው ማለቴ ነው።

በስልክ "መጽሐፌን ሰው ምን አለው?" ስትለኝ "ወደውታል" ብዬ አለፍኩህ። ምን ላድርግ፤ ኔትወርኩ የሚጠፋው ልክ ቁም ነገር ስጀምር ነው። አሁን ግን ቁጭ ብዬ ያመሰገነህንም የሰደበህንም እነግርሃለሁ። ስድቡ ስለሚበዛ ወገብህን ጠበቅ አድርግ።

ፎቶ ኮፒ ቤቴ ውስጥ መጽሐፍም እንደማከራይ ታውቃለህ። "የጉም በር" ከአዲስ አበባ እንደመጣልኝ ገሚሱን ሸጥኩ፣ ገሚሱን ለኪራይ አስቀረሁ። መጀመሪያ ያነበብኩት ግን እኔ ነኝ፤ ደንበኛ አሰልፌ። ገና ሦስተኛው ገጽ ላይ ያ በተራራው አናት የቆመ ዘብ ብቅ ሲል መጽሐፉን አጥፌ ደረቴ ላይ ያዝኩት። ልጅነታችን፣ አርቦዬ ነዋ የመለስከኝ። ያቺ የአስተማሪ ቤታችን፣ ክረምቱ፣ በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ እኔና አንተ አንድ ብርድ ልብስ ስንጓተት፣ አባባ ደግሞ ከበረዶው በላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የተራራውን ዘብ ታሪክ ሲቀጥሉልን። ዘቡ አንድ ቀን ጀግና፣ አንድ ቀን ከዳተኛ የሚሆነው አባባ በዕለቱ ባረሙት ፈተና ነበር። ተማሪዎቹ ከወደቁ ዘቡም ይወድቃል። እማዬ ምስር እየለቀመች "ኧረ ልጆቹን አታስፈራቸው" ትላለች፤ ነገር ግን አባባ ያቋረጡ እንደሆነ "እሺ፣ ከዚያስ?" የምትለው እሷው ናት። ያን ቤት አሁን መንግሥት አፍርሶ ሌላ ሠርቶበታል። ባለፈው ዓመት በዚያ ሳልፍ አላወቅሁትም። መጽሐፍህ ውስጥ ግን ምስሩ ሳይቀር አለ።

ወደ ሰዉ ልመለስ። አሰላን ያጣላት አንድ ቦታ ነው። ዘቡ ናደው የጉሙን በር እየጠበቀ እናቱ ስትሞትበት፣ ከመንደሩ ቀንደ መለከት ደጋግሞ ሲነፋለት፣ በሩን ጥዬ ብወርድ ጠላት ይገባል ብሎ ከተራራው ያልወረደበት። ይባስ ብሎ ጠላቱ ቀስቶ፣ ያ የአመድ ሠራዊት አለቃ፣ ካባውን አውልቆ ለቀስተኛ መስሎ ገብቶ የናደውን እናት ቃሬዛ ተሸክሞ የቀበረበት። እንደዚህ ያለ ነገር ጽፈህ አንተ ደርባን ትተኛለህ፤ እዚህ ሰው ሊደባደብ።

ሚፍታን ታስታውሰዋለህ፣ ባጃጁን ሱቄ በር ላይ የሚያቆመውን? ተሳፋሪ ሲጠብቅ ያነብና ተሳፋሪ ሲመጣ ይበሳጫል። ለቀስቶ አልቅሶለታል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። "ከጀግናው ይልቅ ጠላቱ ነው ሰው" ብሎ አገሩን አዳረሰው፤ ባጃጁ ላይ የወጣ ሁሉ ሳይወድ ታሪኩን ሰምቶ ነው የሚወርደው። መምህር ዘሪሁን ደግሞ፣ ከጎጃም ተመድቦ እዚህ ኮሌጁ የሚያስተምረው፣ ክፉና ደግ ያልለየ መጽሐፍ ለወጣት አይበጅም፣ ጀግና ጀግና መሆን አለበት፣ ጠላትም ጠላት፣ ብሎ ተቆጣ። ይህን ለማለት ሦስት ጊዜ ተከራይቶ አንብቦታል። ዓይናቸው በሞራ ለተጋረደባቸው ለእትዬ ብርቄ ልጃቸው ፀዲ ናት የምታነብላቸው። የሴቶች ዕድራችን ሰብሳቢ መሆናቸውን ታውቃለህ፤ እናም ናደውን ከዕድር አባረውታል። "ለእናቱ ለቅሶ ያልደረሰ ምኑ ነው ጀግናው? የሱን ድንኳን ማን ይተክልለታል?" አሉ። ዕድርተኛው ሁሉ ተስማምቷል።

እኔ እስከዚህ ድረስ እየሳቅሁ ነበር። ያን ምዕራፍ ለማን እንደጻፍከው ግን አልጠፋኝም። እማዬ ስታርፍ ወረቀት አልነበረህም፤ ከወጣህ መመለሻ እንደሌለህ ለአባባ ስንት ጊዜ አስረዳሁ። አልገባቸው ሆኖ አይደለም። ሐዘኑ ላይ ዓይናቸው በሩ ላይ ሆኖ ሰነበቱ፤ ከዚያ በኋላ ስምህ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ግድ ሲሆንባቸው "ደርባን ያለው" ይሉሃል። ሰኔ ላይ አንተ ደውለህ "ወረቀቴ ተስተካክሏል፣ አሁን መምጣት እችላለሁ፤ ግን ምን ፊት ይዤ አባባ ፊት እቆማለሁ?" ስትለኝ ስለ ዝናቡ ያወራሁልህ ለዚህ ነው።

መጽሐፉን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩላቸው፤ አልነኩትም። ሬዲዮናቸውን ጎኑ አድርገው ያዳምጣሉ እንጂ ቀና ብለው አላዩትም። እኔም ተውኩት። ጥቅምት ላይ ግን ወንበራቸው ከበረንዳው ተነስቶ አጥሩ ሥር ተገኘ። "ፀሐይ እዚህ ይሻላል" አሉኝ። አጥሩ ሥር ፀሐይ የሚባል ነገር እንደሌለ ታውቃለህ። ለካ ከአጥሩ ማዶ ፀዲ ለእናቷ የምታነበው ከሰዓት በኋላ ነው። አንድ ቀን ልጅቷ ፈተና ኖሮባት ሳታነብ ቀረች። አባባ ልጄን ማሂን ጠርተው፣ ያቺ የጎረቤት ልጅ ታማለች ወይ፣ ሄደሽ ጠይቂ አሏት። ማሂ ደኅና መሆኗን ስትነግራቸው "እንግዲያው ምን ሆና ቀረች?" ብለው ተቆጡ። በዚህ ዓይነት መጽሐፍህን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአጥር ሰምተውታል።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንዲሉ፣ ዋናው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከሲሬ ኦቦ ሁሴኖ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ ደም የተቃቡ ሰዎችን በማስታረቅ የታወቁ፣ በኦሮምኛ ጃርሳ የምንላቸው ዓይነት። ለገበያ መጥተው ከመናኸሪያ የሚፍታን ባጃጅ ይሳፈራሉ። ሚፍታ እንደ ልማዱ የናደውን ነገር ከነትኩሱ ይነግራቸዋል፤ መጽሐፍ ነው ብሎ መናገሩን ግን ይረሳዋል። ኦቦ ሁሴኖ ሲሬ ተመልሰው ነገሩ ሲያንገበግባቸው ሰነበተ። በሳምንቱ በትራቸውን ይዘው ሱቄ ድረስ መጡና "የናደው ዘመዶች እዚህ ናቸው ወይ?" አሉኝ። እኔ ደግሞ መጽሐፉን ሊከራዩ የመጡ መስሎኝ፣ ናደውን ሰው ወስዶታል፣ ማክሰኞ ይመለሳል አልኳቸው። "ማነው የወሰደው? ደም አለበት እንዴ?" ብለው ደነገጡ።

መጽሐፍ መሆኑን ሳስረዳቸው የሚያፍሩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ወንበር ስቤላቸው ተቀመጡና ትንሽ አሰቡ። ከዚያ፣ ሰዉ በእውነት ተጣልቷል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ፣ መምህር ዘሪሁንና ሚፍታ ሰላምታ ካቆሙ ሰነበቱ አልኳቸው። እንግዲያውስ ጠቡ እውነት ከሆነ ጃርሱማውም፣ ሽምግልናው ማለታቸው ነው፣ እውነት ነው፤ ሲሬ ድረስ ባዶ እጄን አልመለስም አሉ። ሽምግልናውም ለእሑድ ተቆረጠ። ቦታው የኛ ግቢ፣ ጽድ ዛፉ ሥር።

እሑድ የመጣውን ሰው ብታይ የማን ሠርግ ነው ትል ነበር። ኦቦ ሁሴኖ መርቀው ከፈቱ፤ ሁላችንም አሜን አልን። "ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ" ብለው ታሪኩን እንደገና አስነገሩ። እትዬ ብርቄ በሟች እናት በኩል ከሳሽ ሆነው ቆሙ። ሚፍታ ናደውን ባይወደውም ሌላ ጠበቃ ስለጠፋ ለናደው ቆመ። የመጣሁት ለመታዘብ ነው ያለው መምህር ዘሪሁን ሩብ ሰዓት እንኳ አልታዘበም፤ በየመሐሉ እየተነሳ ከሁሉም በላይ የሚጮኸው እሱ ሆነ። አባባ አጥሩ ሥር ወንበራቸው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀምጠዋል።

እትዬ ብርቄ፣ ቀንደ መለከቱ ተነፋለት፣ አንዴ አይደለም ደጋግሞ ተነፋለት፣ አልወረደም ብለው ሲናገሩ አባባ ሳይዞሩ "በዚያ ነፋስ ቀንደ መለከት አይሰማም" አሉ። ሚፍታ፣ ጠበቃነቱን ረስቶ መሰለኝ፣ መጽሐፉ ሰምቷል ይላል አላቸው። አባባም እንዲህ አሉ፦ ሰምቶ ከሆነ እዚያ መቆየቱ ከመውረዱ ይልቅ ከብዶት ይሆናል፤ እሱን ራሱን ሳንጠይቅ አናውቅም። ዕዝራ፣ የቤቱን ደረጃ ይዤ ተቀመጥኩ።

ኦቦ ሁሴኖ ይህን እንደሰሙ በትራቸውን መሬት ላይ አጋደሙት። እኚህ አባት ልክ ናቸው፣ ባለጉዳዩ በሌለበት እርቅ አይቆምም፤ ነገሩ በቀጠሮ ይደር፣ ለናደው ግን አቀርበዋለሁ የሚል ዋስ ያስፈልጋል አሉ። ሰዉ ሳቀ። ለመጽሐፍ ሰው ማን ዋስ ይሆናል? ሚፍታ እንኳ አቀረቀረ። ኦቦ ሁሴኖ አልሳቁም፤ ዋስ ከሌለ ሰውየው እንደጠፋ ይቆጠራል፣ ፍርዱም ለእትዬ ብርቄ ይጸናል አሉ።

ያኔ አባባ ተነሱ። ጉልበታቸውን ታውቃለህ፤ ወንበሩን ተደግፈው ቀስ ብለው ነው። ኮፍያቸውን አውልቀው መጥተው መሐል ቆሙና "ዋሱ እኔ ነኝ" አሉ። ኦቦ ሁሴኖ በአክብሮት፣ እንዴት አድርገው ያቀርቡታል ሲሏቸው "የጻፈው ልጄ ነው። ዕዝራ ይባላል። ዕዝራ ሲመጣ እሱም ይመጣል" አሏቸው። ስምህን ሁለት ጊዜ ጠሩት፤ ክፍል ውስጥ እንደሚጠሩት፣ ጥርት አድርገው። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጣሉ። መምህር ዘሪሁን ተቀመጠ። መቼ ይቅረብ ሲባሉ፣ ለእናቱ ለሰባት ዓመት ተዝካር፣ በጥር፣ ለአስተርዮ ማርያም አሉ። የየትኛዋ እናት ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

እንግዲህ ወንድሜ፣ እዚህ አገር ዋስ ሆኖ ሰውየውን ያላቀረበ ምን እንደሚባል አንተ ራስህ ታውቃለህ። አንተ ብትቀር በጥር ሽማግሌ ፊት የሚቆሙት አባባ ናቸው፤ በዚያ ጉልበት። ምን ፊት ይዤ ያልከኝን ጥያቄ አሁን መመለስ እችላለሁ። ያለህን ፊት ይዘህ ና። እኔም ናፍቄሃለሁ፤ ስልኩን ስዘጋ ሁልጊዜ ሳልነግርህ የሚቀረው ይኸው ነው።

ባለቤቴ ይርሳው እጅ ነስቶሃል፤ መጽሐፉን ገና አልጨረሰም፣ ማን እንደሚሞት እንዳትነግሩኝ እያለ ሰው ይሸሻል። ማሂ አጎቴ ሲመጣ ቀስቶን ለምን እንዳቆሰለው ይነግረኛል ብላ በሰላምታ ላይ ቂሟን ልካለች። እትዬ ብርቄ ፍርዱ ባይታወቅም ጪኮው ከልባቸው መሆኑን እወቅልኝ ብለዋል። ፀዲ ሰላም ትልሃለች፤ ሚፍታና መምህር ዘሪሁንም ሰላም ብለውሃል፣ በየፊናቸው። አባባን ደግሞ ምን ብዬ ልጻፍላቸው ብዬ ጠየቅኋቸው። ሬዲዮናቸውን ዝቅ አድርገው "ዋስ ሰላምታ አይልክም፤ ሰውየውን ነው የሚጠብቀው በይው" አሉኝ።

እህትህ አበራሽ ወልደጻድቅ
አሰላ፣ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.