ሥዕልሽ ቀድሞኝ ደረሰ

ለባለ እርሳሷ ጓደኛዬ፦

በታላቅ ሐዘን የማረዳሽ ከባድ ነገር ስላለ ቁጭ ብለሽ አንብቢ። የአዋላጇን እህቴን ቦርሳ ተሸክሜ ስንት ከተማ አልፌ ብመጣ፣ ሥዕልሽ ቀድሞኝ ደርሷል! ያ የእርግዝና መከላከያ ኪኒን አወሳሰድ የሳልሽበት ወረቀት፣ እህቴ በአዋላጆቹ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የለቀቀችው፣ እዚህ ክሊኒክ ግድግዳ ላይ በመስታወት ተከድኖ ተሰቅሏል። እኛ ጋ የመድኃኒት ካርቶን መክደኛ አይደል እንዴ ያደረጉት?

"ይሄን ካየን ወዲህ እናቶች ቀን አይዘሉም" እያሉ ሲያደንቁ ቅናት አንጀቴን ቢበላው፣ "እኔ ነኝ የሳልኩት" ብዬ አረፍኩ። ትልቋ አዋላጅ ወዲያው እርሳስ አቀበለችኝ።

"እሰይ የኔ አንበሳ! በል ከሴትየዋ ጎን ባልየውንም ጨምርልን፤ ወንዶቹም ይማሩበት።"

ሳልኩት። መነጽሯን አስተካክላ አየችውና፣ "ይሄ ድንች ነው ባል?" አለች። እህቴ በሳቅ ፈርሳ አጋለጠችኝ።

እንግዲህ ባልየውን አንቺው ሥለሽ ግሩፑ ላይ ልቀቂው፤ ሁሉም እየጠበቁሽ ነው። ጆሮውን ግን የኔን አታስመስይው። እማማን ሳሚልኝ፤ የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። ከባድ ያልኩሽም ይችው ናት፤ ትንሽ ቀናሁብሽ፣ በቃ።