የዋርሳዬ ካርድ

ጥቅምት 4

ልብስ አጠብኩ። ጉልበቴ ዛሬም አላስቆም አለኝ። ቧንቧው እስከ አምስት ሰዓት ደረቅ ነበር፤ ሲመጣም ዝገቱን ይዞ መጣ። ነጩ አንሶላዬ ሻይ የተደፋበት መሰለ።

አስጥቼ ስጨርስ ሁለት ወጣቶች መንገዱ ላይ ቆመው ቤታችንን ያያሉ። አንዷ ፊቷን የሚያህል መነጽር አድርጋለች። ሌላው ክር የሚያህል ቀጭን ልጅ ነው፤ ሜትር ዘርግቶ የዋርሳዬን በር ይለካል።

"ምን ጠፋባችሁ?" አልኩ።

"ምንም አልጠፋብንም እማማ። ተመራማሪዎች ነን፤ ከሙዚየሙ።"

እዚህ ምን ሊመራመሩ? ድሮ ክር ይቀለምበት የነበረ መንገድ ነው። ዛሬ ስድስት ያረጁ ቤቶችና አንድ ልብስ ሰፊ ብቻ። መለካቱን ግን አልወደድኩትም። ሰው ቤትሽን ሲለካ ለደግ አይደለም።

ዋርሳዬ እንደ ሁልጊዜው በሯ ላይ ተቀምጣለች። የባሌ ታላቅ እህት። እሱ ከሞተም ግድግዳ ተጋርተን እንኖራለን። ዓይኗ ከጠፋ አራት ዓመት ሆነው፤ ጆሮዋ ግን... የጉንዳን እርምጃ ትሰማለች።

"ተማሪዋ! እነማን ናቸው?"

ተማሪዋ ትለኛለች፤ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ፊደል ስለቆጠርኩ። ዘጠኝ ዓመት አለፈው። ቀልዱ አላረጀባትም።

ባልዲዬን አንስቼ ገባሁ።

ጥቅምት 6

ልብስ ሰፊው ሱቅ ሰበሰቡን። ባለ መነጽሯ ልጅ ተናገረች። ቅርስ... ማኅበረሰብ... ተሳትፎ። ተሳትፎን አሥራ አንድ ጊዜ አለችው፤ ቆጠርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ካርድ። ባለቤቱ ስለ ቤቱ የሚያስታውሰውን ይናገራል። ከመንገዱ ሰው አንዱ ይጽፋል። የተጻፈው ለተናጋሪው ጮክ ተብሎ ይነበባል። ልክ ነው ካለ ይፈርማል፣ ወይም የአውራ ጣቱን አሻራ ያኖራል። ከዚያ ሙዚየም ይሰቀላል።

"እኛ አንዲት ቃል አንጨምርም" አለች ልጅቷ። "የእናንተ ድምፅ ነው።"

"የኔ ድምፅ መኪናዬ ነው" አለ ልብስ ሰፊው። "ጠጠጠጠ ብላችሁ ጻፉት።"

ሁሉም ሳቀ። ማን ይጻፍ ሲባል ግን ሁሉም ጫማውን አየ።

"እሷ ናት የተማረችው" ብሎ ጠቆመኝ። "እኔ ከወገብና ከቁመት ቁጥር ወዲያ አላውቅም።"

ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ከጥግ በኩል ዋርሳዬ፣ "ተማሪዋ ትጻፍ። ምን አለበት?" አለች።

ለስለስ ብላ። ለምን ለስለስ አለች?

ጥቅምት 9

የራሴን ካርድ ጻፍኩ። ከፊትም ከኋላም ሞላሁት። ስለ በሩ እንጨት፣ ስለ መስኮቱ፣ ባሌ የክር ጥቅል ይሰቅልበት ስለነበረው ምሰሶ። የልብስ ሰፊውንም ጨረስኩ። ሳነብለት አፉን ከፍቶ ሰማኝ። "ይሄን ሁሉ እኔ ነኝ ያልኩት?" አለ። "አንተ ነህ።" "እንግዲያ ትልቅ ሰው ነኛ!"

እስክሪብቶ የያዘ ሰው እንዲህ ነው የሚከበረው?

ጥቅምት 12

ነገ የዋርሳዬ ተራ ነው። ከአሁኑ እስክሪብቶዬን አዘጋጀሁ።

ጥቅምት 13

ወንበር አወጣችልኝ። እሷ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። አንድ ሰዓት ሙሉ አወራች።

"ወለሉ ሥር ገንዳው አለ። ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ። አያቴ አስፈለፈለው፣ አባቴ ክር ነከረበት፣ ወንድሜ ነከረበት። ሳንቃ የመታንበት ሥራው ሲቆም ነው። ወንድሜ እስከ ክርኑ ሰማያዊ እንደሆነ ነው አንቺን ያገባሽ። ትዝ ይልሻል?"

ትዝ ይለኛል።

ሌላም ትዝ ይለኛል። ባሌ በሞተ በሁለተኛው ወር ወረቀት ይዛልኝ መጣች። ያኔ ዓይኗም ደህና፣ ንባቧም እንደ ውሃ። "ምንድነው እትዬ?" አልኳት። "የቧንቧ ስም ማዛወሪያ ነው። ከሱ ስም ወዳንቺ።" አነበበችልኝም። አውራ ጣቴን ይዛ ቀለሙ ላይ ጫነችው፤ ከዚያ ወረቀቱ ላይ።

የቧንቧ አልነበረም። ባለ ገንዳው ክፍል የባሌ ድርሻ ነበር። ወረቀቱ እሱን ለእሷ ለቅቄያለሁ የሚል ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ነው የሰማሁት፤ ያውም ከሰው አፍ። የጎልማሶች ትምህርት የገባሁት ያን ሳምንት ነው። ሰው ለእንጀራ ይማራል፤ እኔ ለቂም ተማርኩ።

ዛሬ እስክሪብቶው በኔ እጅ ነው።

አራት ቃል ጻፍኩ። "ዕቃ ማስቀመጫ። ምንም የለውም።"

ከዚያ አነበብኩላት። እሷ ያለችውን ሁሉ፣ ከአያቷ እስከ ሳንቃው፣ በቃሌ። አንድ አልሳትኩም። ፊቷን ወደ ካርዱ አዘንብላ ሰማች።

"ጨረስሽ?"

"ጨረስኩ።"

አውራ ጣቷን ራሷ ዘረጋችልኝ። ይዤ ጫንኩት። ቀዝቃዛ ነበር።

"ጥሩ ነው" አለች። 

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ጥቅምት 14

እንቅልፍ እንዲህ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ኅዳር 2

መነጽሯ ካርዶቹን ልትወስድ መጣች። ጽሑፌን አመሰገነች። "እማማ፣ እርስዎ ከእኛ ይሻላሉ!" ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው... ይሄ ለምን ትዝ አለኝ?

የዋርሳዬን ካርድ ገለበጠችው። ጀርባው ባዶ። መልሳ ገለበጠችው።

"ይሄ ለምን አጠረ?"

"ሴትዮዋ ያለችው ነው። አሻራዋን አታዪም?"

"አይ፣ የነዋሪ ቃል ነው፤ አንነካም" አለችና ከሌሎቹ ሥር አደረገችው።

ኅዳር 20

ጠዋት የማዘጋጃ ቤት ሰዎች መጡ። አንዱ ዝርዝር ያነባል፣ አንዱ ቀለም ይዟል። መንገዱ ሊሰፋ ነው። ቅርስ የተባለው ቤት ይቀራል፤ ያልተባለው እስከ ታኅሣሥ 8 ይለቀቃል፣ በማግስቱ ይፈርሳል።

የኔ በር ላይ አረንጓዴ ቆርቆሮ መቱ። ልብስ ሰፊው ላይም። አምስት አረንጓዴ።

የዋርሳዬ በር ላይ ቀይ።

የቀለሙን ሽታ ከኔ ቀድማ አወቀችው። "ተማሪዋ፣ ምን ቀቡብኝ?"

"ምልክት ነው።"

"ምን ይላል?"

"ፊደል አይደለም እትዬ። ሁለት መስመር ነው።"

"ጎን ለጎን ነው ወይስ የተመሳቀለ?"

መልሼ አየሁት።

"የተመሳቀለ።"

እጇን አንስታ በሩን ዳሰሰች። ጣቶቿ ቀሉ። በቀሚሷ ጠረገቻቸው፤ ወደ ቤቷ ገባች።

ኅዳር 21

ልብስ ሰፊው ነገረኝ። ዝርዝሩ ከሙዚየሙ የሄደ ነው፤ ከካርዶቹ። "ታሪክ ያለውና የሌለው ተብሎ ነው የተለየው" አለ። ክሩን በጥርሱ በጠሰ። "እኔን የገረመኝ፣ ከእሷ ቤት በላይ ታሪክ ያለው ማን አለ? ገንዳው እዚያ አይደለም እንዴ?"

ቀና ብሎ አላየኝም። ወይስ አይቶኛል?

ኅዳር 24

ሙዚየም ሄድኩ። ረጅም ኮሪደር፣ የወለል ሰም ሽታ። የመነጽሯ ክፍል ሦስት ሰው የሚጋራው ነው፤ ጠረጴዛዋ በወረቀት ተውጧል። እኔን ስታይ ብድግ አለች፤ ዓይኗ ያበጠ ነው።

"ለዐውደ ርእይ ብቻ ብለን ነበር እማማ። ማዘጋጃ ቤቱ ቅጂ ጠየቀ፤ አለቃችን ደስ ብሎት ሰጠ። 'ጥናታችሁ ሥራ ላይ ዋለ' ሲለን አጨበጨብን። የመጀመሪያ ጥናቴ ነው..."

"የዋርሳዬ ካርድ ተሳስቷል። አርሚው።"

"እኔ አልችልም። ተነብቦላቸው አሻራቸውን አኑረዋል። ራሳቸው መጥተው 'ይሄ ያልኩት አይደለም' ካሉ ግን ዛሬውኑ ደብዳቤ እጽፋለሁ። እስከ ታኅሣሥ 8 ይደርሳል።" መነጽሯን አወለቀች። "ግን ተነብቦላቸው የለም? ማን ነበር ያነበበላቸው?"

ወጣሁ። 

ኅዳር 26

ነገ እነግራታለሁ።

ኅዳር 27

ዝናብ ነበር። አልነገርኳትም።

ኅዳር 29

ሾርባ ይዤላት ገባሁ። ለስንት ዓመት ያልረገጥኩት ቤት። ወለሉ ሥር ባዶ መሆኑ በእግር ይታወቃል... ድም፣ ድም ይላል።

"ምን እግር ጣለሽ?" አለች።

"እንዲያው።"

"ልትነግሪኝ የመጣሽው ነገር አለ?"

"የለም እትዬ። ሾርባው እንዳይቀዘቅዝ።"

ሾርባውን አልነካችውም።  ዝም አይነቅዝም ይባላል። ብነግራት ምን ትለኛለች? መንገዱ ሁሉ ምን ይለኛል? ያቺ እስክሪብቶ የተሰጣት ሴት...

እሷስ የቧንቧውን ወረቀት መቼ ነገረችኝ?

ታኅሣሥ 3

ዐውደ ርእዩ ተከፈተ። ዋርሳዬ ካልሄድኩ አለች። "የኔም ካርድ ተሰቅሏል አይደል? ውሰጂኝ።" ክንዴን ይዛ ሄደች። አያያዟ ጠበቅ ያለ ነው፤ ቦታው እስካሁን ሰምበር ሆኗል።

ካርዶቹን በፎቶ አግዝፈው በመስታወት ውስጥ ሰቅለዋል። የእጄ ጽሑፍ ሰው ያህል ቆሟል። የእሷ ሰፊ ነጭ፣ መሀሉ ላይ አራት ቃል። ከሥሩ የአውራ ጣቷ አሻራ፣ ሳህን የሚያክል።

መነጽሯና ቀጭኑ ከበሩ አጠገብ ቆመው ያዩናል።

"የኔ ካርድ ፊት ነን?" አለች ዋርሳዬ።

"አዎ።"

"እንግዲያ አንብቢልኝ።"

አሁን በይ አልኩ ለራሴ። አሁን። ሰው አለ፣ ልጆቹ አሉ፣ አምስት ቀን አለ።

አፌን ከፈትኩ። "ወለሉ ሥር ገንዳው አለ። ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ..."

እስከ መጨረሻው አነበብኩት። አጠገባችን የቆመ ሰውዬ ካርዱን አየ፣ እኔን አየ፣ ራቅ አለ።

"ጥሩ አንባቢ ወጣሽ" አለች። ክንዴን ለቀቀች። ወደ ቤት ስንመለስ ግድግዳ እየዳሰሰች ነው የሄደችው።

ታኅሣሥ 8

ዕቃዋን ከልብስ ሰፊው ጋር ወደኔ ቤት አዛወርን። ሌላ የት ትሂድ? ጎረቤት አመሰገነኝ። "እንዲህ ነው እንጂ ዘመድ!" አሉኝ። ልብስ ሰፊው ግን በርጩማዋን አስቀምጦ ሲወጣ፣ "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" አለ። ለማንም አይደለም። ለበሩ።

ታኅሣሥ 9

ማሽኑ በሦስት ሰዓት መጣ። ጣሪያው በአንድ ጊዜ ወረደ። ከዚያ ሳንቃው። ከዚያ እንደ ጥርስ የሚሰበር ድምፅ መጣ።

ቀጭኑ ልጅ አቧራው ውስጥ ዘሎ ገባ። "አቁም! አቁም!" ነጂው አቆመ። ቀረብ ብለን አየን። ገንዳው ሦስት ሰው ያስተኛል፤ ከመሀሉ ተሰንጥቋል። ከተሰበረው ቧንቧ ውሃ ገብቶ ሞላውና በስንጥቁ ወጣ... ሰማያዊ ሆኖ። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ። መንገዱን ይዞ ወርዶ ጫማዬ ድረስ መጣ።

መነጽሯ ጭቃው ላይ ተንበርክካ ፎቶ ታነሳለች፣ ታለቅሳለች። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። አውቃለች። 

ዋርሳዬ የኔ በር ላይ ቆማ፣ ሽታው ደርሷት፣ "ምን ዓይነት ቀለም ነው?" አለች።



ታኅሣሥ 11

የጋራው ግድግዳችን ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ጣቴ ይገባል። ስንጥቁን በጨርቅ ስጠቀጥቅ ዋርሳዬ ከአልጋዋ ላይ ተናገረች።

"ያን ቀን አንድ ሰዓት ሙሉ አወራሁ። እስክሪብቶሽ ግን የጫረው ትንሽ ነው። ሰማሁት።"

ጨርቁን አስቀምጬ ዞርኩ።

"አውቀሽ ነው ጣትሽን የሰጠሽኝ?"

"ጣቴን ስትይዢው አወቅኩት። እኔም እንደዚያ ነበር የያዝኩሽ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ካርድ ነው፣ ይውጣላት አልኩ። ቀዩ ሲቀባ ትነግረኛለች አልኩ። ሾርባ ይዘሽ ስትመጪ፣ ይኸው አልኩ። ሙዚየሙ ውስጥ የመጨረሻ ዕድልሽን ሰጠሁሽ።"

"አንቺስ ነግረሽኝ ታውቂያለሽ? የቧንቧውን?"

"አልነገርኩሽም" አለች። ፊቷን ወደ ስንጥቁ አዞረች።

ታኅሣሥ 15

ልብስ አጠብኩ። ውሃው ንጹሕ ነው፤ አዲስ ቧንቧ ዘርግተዋል። ከእኔ ግድግዳ ወዲያ ባዶ ሜዳ፣ ነፋስ ያለ ከልካይ ይገባል። የሙዚየሙ ልጆች አልተመለሱም። የኔ በር ላይ ያለውን ቆርቆሮ የሚያዩ ሰዎች ግን ይመጣሉ፤ ያነቡታል፣ ይሄዳሉ።

አንድ ቤት፣ ሁለት አልጋ። ይቅርታ አልተባባልንም። አትሳደብም፣ አትጠይቅም። ተማሪዋም አትለኝም። ይሄን ደብተር ስከፍት ብቻ የምታደርገውን ትታ ጆሮዋን ወደኔ ትመልሳለች። ስቆም ትጠብቃለች። ስቀጥል አንገቷ ይነቃነቃል፣ እንደሚቆጥር ሰው። አሁንም እያዳመጠች ነው።

"ምን ትጽፊያለሽ?" አለችኝ አሁን።

"ምንም።"

"ይሄኛው ምንም ረዘመ" አለች።