ክርስትና የምታነሳት ሴት

ሐሙስ፣ ኅዳር ፰

እትዬ ባንቺም እንቢ አሉ። "ወገቤን ያመኛል የሺ፣ ሕፃን ይዤ መቆም አልችልም" አሉኝ። ትናንት እንስራ ሙሉ ውኃ አዝለው ከቀሐ ወንዝ ዳገቱን ሲወጡ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። እስካሁን እንቢ ያሉኝን ልጻፋቸው፣ ሲጻፍ ቢቀለኝ፦

የጠላ ሻጯ አስካለ፦ "ባሌ ይገድለኛል።"
የጎረቤቴ ምራት፦ "ላስብበት።" ከዚያ ወዲህ ደጄ ስትደርስ መንገድ ትቀይራለች።
እትዬ ባንቺ፦ ወገብ።

ሦስት ሰው እንቢ አለ፣ የቀረኝም ሦስት ቀን ነው። እሑድ ልጅቱ ሰማንያ ቀኗን ትሞላለች።

ልጅቱ የአልጋነሽ ናት። አልጋነሽ ከቤቴ ኋላ ባለችው ጎጆ የምትኖር የሃያ ዓመት ልጅ ናት። በሰኔ ከወገራ ስትመጣ አንዲት ቦርሳና የገፋ ሆድ ነበር የያዘችው። "ባሌ አስካሪ ነበር፣ የጥልያን ወታደር፣ ሞተብኝ" አለችኝ። እኔም ታዬ ከሞተብኝ ገና ሦስት ወር ስለነበር እቅፍ አድርጌ አስገባኋት፤ አብረንም አለቀስን። በነሐሴ ልጅቱ ስትወለድ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ፀጉሯ መሰከረ፣ ቆዳዋም መሰከረ። አባትየው ጥልያን ነው፣ የጭነት ማኪና የሚነዳ። ወደ ሌላ አገር አዛውረውታል፤ ልጅ መውለዱንም አያውቅም።

ላስወጣት ነበር፤ አላስወጣኋትም። ሰዉም "የሺ ደግ ናት" ይላል። ይበል። ሰማንያ ቀን ሊሞላ ልጅቱን አንዴ እንኳ በእጄ አልነካኋትም። እሱን ሰው አያውቅም፣ እዚህ ብቻ ነው የጻፍኩት።

ሴት ልጅን ክርስትና የምታነሳ ሴት ናት። ያነሳቻት ሴት ለልጅቱ እናትና አባት አበልጅ ትሆናለች። አበልጅ ማለት በእኛ አገር ከሥጋ ዘመድ የሚበልጥ ነው፤ ሲወልድ አራስ ትጠይቂለታለሽ፣ ሲሞት ፀጉርሽን ትነጪለታለሽ። ሰዉ የሚሸሸው ይህንኑ ነው። ከአልጋነሽ ጋር ማን መዛመድ ይጠላል? የሚጠሉት ሾፌሩን ነው።

ልጅቱ ትስላለች። ሳትጠመቅ ብትሞት ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አትቀበርም። አልጋነሽ ይህን በአፏ አውጥታ አታውቅም። ዛሬ ግን "እትዬ፣ እሑድ ሩቅ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

አንቺ አንሺልኝ አላለችኝም። ሸጋ ልጅ ናት፣ እንደማላነሳት ታውቃለች።

ዓርብ፣ ኅዳር ፱

በጠዋት አባ ዘንድ ሄድኩ። አባ የነፍስ አባቴ ናቸው። አንዱ ጆሯቸው አይሰማም፤ የትኛው እንደሆነ ግን እንደ ጉዳዩ ይቀያየራል።

"አባ፣ እርስዎ ከምእመናኑ አንዷን አዘው ቢያስነሱልን" አልኳቸው።

"ክርስትና በትእዛዝ? የጥልያን ሥራ አደረግሽው እኮ። እኔ ውኃውን እባርካለሁ፣ የምታነሳት ሴት አምጡ።"

"አጣን፣ አባ።"

"አንቺስ?"

"እኔማ..."

"ምነው? አንቺማ ምን?"

"አባ፣ ታዬን ያውቁታል።"

"ፍትሐቱን ያደረስኩ እኔ ነኝ፣ እንዴት አላውቀው?" አሉ። የሚሰማው ጆሯቸው ወደ እኔ ነበር።

ስለ ታዬ እዚህ ጽፌ አላውቅም። ልሞክር። በመጋቢት ከዳባት እህል ጭኖ ሲመለስ መንገድ ላይ ጥልያኖች ተኮሱበት። በቅሎዋ ብቻዋን መጣች። በሦስተኛው ቀን ሬሳውን አገኘነው። ሹማቸው ዘንድ ቀርቤ ስጠይቅ "በስሕተት ነው" አለኝ። አስተርጓሚ አላስፈለገኝም፤ ልጅ ሆኜ አስመራ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ስምንት ዓመት ቋንቋቸውን ተምሬያለሁ። ምን አለ ያን ቋንቋ ባልማር ኖሮ።

ታዬ "አንቺ ሴት፣ ዝም ካልሽ ያመመሽ ይመስለኛል" ይለኝ ነበር። አሁንም ዝም አላልኩም፤ ለሰው አወራለሁ፣ እቀልዳለሁ፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሴቶቹ ወንጌል አነባለሁ። የጠላው እንስራ ዙሪያ ተቀምጠው ሲሰሙኝ ደስ ይለኛል፣ ምን ልደብቅ። ግን ከመጋቢት ጀምሮ ጠላትን ስለ መውደድ የተጻፈበት ቦታ ስደርስ ሁለት ገጽ አንድ ላይ እገልጣለሁ። ማንበብ ለማያውቅ ሰው ገጽ መዝለል እንዴት ቀላል ነው። ወንጌልን ለሰው አካፍላለሁ እላለሁ፤ የማካፍለው የቆረጥኩትን ነው።

ስመለስ ደብሪቱን ደጄ ላይ አገኘኋት። ደብሪቱ የሚካኤል ማኅበራችን ሙሴ ናት፣ አለቃችን። አሥራ ሁለት ሴቶች ነን፤ በየወሩ በአሥራ ሁለት ተራ በተራ በየቤታችን ጽዋ እንጠጣለን። የዚህ ወር ተራ የእኔ ነው፣ ሰኞ።

"አንቺ የሺ፣ ለጥልያኗ ልጅ የክርስትና እናት ስትፈልጊ እግርሽ አለቀ አሉ" አለችኝ።

"ምነው፣ ልታነሺያት ነው?"

"እኔ? አበልጄ በማኪና እየመጣ ጡሩምባውን ሲነፋ ዶሮዎቼ እንቁላል ያቆማሉ።"

ሳቅኩ። ከልቤ ነው የሳቅኩት፤ አልጋነሽ ከጎጆዋ በር ላይ ቆማ እንደምትሰማ እያወቅኩ።

ከዚያ ደብሪቱ ሳቋን አቆመችና "የሺ፣ ቀልዴን አይደለም። ያነሳቻት ሴት ከጽዋችን አትቀርብም። ልጄን አርማጭሆ ላይ የበሉብኝን አልዛመድም" አለች። እኔም እንደ እሷው ነኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲

ለሰኞ ዝግጅት ቀኑን ሙሉ ስባዝን ዋልኩ። የሠራሁት፦ ጠላው ደርሷል፣ ቀምሼዋለሁ፣ ሸጋ ነው። የዳቦው ዱቄት ተነፍቷል። ጽዋው ታጥቧል። የመክደኛው ልብስ ደረቀ። ሥራ ሲበዛ ነፍስ አታስብም ይላሉ፤ ውሸት ነው።

ከቀትር በኋላ አልጋነሽ መጣች፣ ልጅቱን ታቅፋ።

"እትዬ፣ ጡት እንቢ አለች። ገላዋ እሳት ሆነ።"

ዱቄት ውስጥ ነበር እጄ። ቀና አላልኩም። "ለአባቷ ንገሪው" አልኳት።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩት፣ እንዳለ ይቅር። ለአባቷ ንገሪው። ከእኔ አፍ ወጣ።

አላለቀሰችም። "እሺ እትዬ" ብላ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቆይቼ ጤና አዳም ቆርጬ በር ላይ አስቀመጥኩላት፤ ልጅቱን ላለማየት አልገባሁም። ከውስጥ ሳሏ ይሰማል፤ የጫጩት ሳል ቢኖር እንዲህ ይሆን ነበር።

ልጸልይ ቆሜ ነበር። ምን ብዬ? ታዬን መልስልኝ እንዳልል አይመለስም። ልጅቱን አድንልኝ እንዳልል አፌ አልታዘዘኝም። ቆሜ ቆሜ ሥዕሉን ሳልሳለም ተቀመጥኩ። ክርስቲያን ነኝ የምለው በምኔ ነው? በማተቤ? እሱስ ክር ነው።

ነገ ቅዳሴ እሄዳለሁ። ክርስትና ቤቱ ግን አልደርስም። ሌላ ሴት ፈልጌ አጣሁ፤ ፍለጋዬን ጨርሻለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር ፲፩

ጽሕፈቴ ካልተነበበኝ ነገ አስተካክለዋለሁ።

አልጋነሽ ሳልነሳ ልጅቱን አዝላ ሄዳለች። እኔ ስደርስ ክርስትና ቤቱ ደጃፍ ቆማ የምትገባውን ሴት ሁሉ ትለምን ነበር። "እትዬ፣ ስለ ሚካኤል። እትዬ፣ ስለ እመቤቴ።" አንዷ ነጠላዋን ስባ አለፈች። አንዷ "እግዜር ይስጥሽ" አለቻት፣ እንደ ለማኝ። ደብሪቱ ከእኔ አጠገብ ነበረች፤ "ይቺ ልጅ ገበያ መስሏታል" አለች በቀስታ፤ ሁለት ሴቶች አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፣ ግን አንድም ቃል አልተናገርኩም።

አባ ብቅ ብለው "የምታነሳት የለችም?" አሉ። ውኃው ተባርኮ ቆሟል። ከእሷ በፊት የመጡት ሁለት ሕፃናት ተጠምቀው ያለቅሳሉ።

አልጋነሽ ዞራ ሁላችንንም አየችን፣ ተራ በተራ። ወደ እኔ ስትደርስ ዓይኗን መሬት ጣለች፣ ከዚያ ከእኔ ቀጥላ ያለችውን ለመነች። ዘለለችኝ። እኔ ያን ገጽ እንደምዘለው ማለት ነው።

አዘንኩላት ብዬ አልዋሽም። ፍቅርም አልመጣብኝም፤ ብርሃን የለ፣ ድምፅ የለ። ያፈርኩ ይመስለኛል። እግሬ ሄደ፣ እጄ ተዘረጋ። "አምጪያት" አልኩ። ድምፄ የቁጣ ነበር።

ትቀላለች። ክብደቷ እንዲህ ያንሳል ብዬ አላሰብኩም። ትኩሳቷ በልብሴ አልፎ ተሰማኝ።

አባ ወደ ምዕራብ አዙረውኝ "ሰይጣንን ትክጃለሽ?" አሉ፤ በልጅቱ ፋንታ መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ። "እክደዋለሁ" አልኩ። ሾፌሩንም አብሬ ብክደው ደስ ይለኝ ነበር፤ የተጠየቅኩት ግን ስለ ሰይጣን ብቻ ነው። ወደ ምሥራቅ ስዞር ጸሎተ ሃይማኖቱ መሐል ላይ ጠፋብኝ። ሕፃን ሆኜ አባቴ በአለንጋ ያስጠናኝ ጸሎት። አባ በሹክሹክታ መሩኝ።

ውኃው ውስጥ ስትገባ አላለቀሰችም። ሁላችንም ፈራን። ሦስተኛ ስትነከር ጮኸች።

አዲስ ልብስ ማዘጋጀት የክርስትና እናት ነው። እኔ ምን አዘጋጅቼ? ነጠላዬን አውልቄ ጠቀለልኳት፣ የሐዘን ነጠላዬን፣ ጥቁሩን። ለክርስትና ጥቁር የለበሰች ልጅ ማን አይቶ ያውቃል። አንዲት ሴት "ምልኪው" አለች። አባ ግን ማተቧን አሰሩና "ወለተ ሚካኤል" አሏት፣ ነገ በዓሉ ነውና። አቁርቤያት ወጣሁ።

ደብሪቱ ደጁ ላይ ጠበቀችኝ። አልተሳደበችም። "ታዬን እንዲህ አደረግሽው?" አለችና ሄደች።

ሰኞ፣ ኅዳር ፲፪

ሚካኤል። እንጨት ፈለጥኩ፣ ጉዝጓዝ ጎዘጎዝኩ፣ ዳቦውን አወጣሁ፣ ጠበቅኩ። ቅዳሴ ወጣ። ማንም አልመጣም። አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ማኅበር ኖሬያለሁ። ታዬ ሲሞት የአርባውን ተዝካር ያወጡልኝ እነዚህ ሴቶች ናቸው፣ ፀጉሬን የላጩኝ እነሱ ናቸው።

ረፈድ ሲል ደብሪቱ መጣች። አልገባችም።

"ጽዋውን አምጪ። አስካለ ቤት ይጠጣል።"

"ተራው የእኔ ነው፣ ደብሪቱ።"

"የጥልያን አበልጅ ቤት አንጠጣም። አፍ አውጥቼ እንድናገረው ለምን ታስገድጂኛለሽ?" አለች።

"ገብተሽ ልጅቱን እያት" አልኳት።

"ምን ልይ? የእኔም ልጅ ሕፃን ነበር።"

ሰጠኋት። ምን ላደርግ? ጽዋው የማኅበሩ ነው። ከነመክደኛው ታቅፋው ወጣች፣ ልጅ እንደሚታቀፍ።

ገብቼ ጉዝጓዙ ላይ ተቀመጥኩ። ታዬን ሁለተኛ የቀበርኩት መሰለኝ፤ ያኔ የሚያለቅስልኝ ሰው ነበረ። ጌታ ሆይ፣ አንተ ያልከውን አደረግሁ፣ ቤቴን ባዶ አስቀረኸው፤ እንዲህ ነው የምትከፍል? ይህን ያልኩት ጮክ ብዬ ነው፤ በዓል መሆኑን እያወቅሁ።

አባ መጡ፣ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። ባዶውን ቤት ዞር ብለው አዩ፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ጆሯቸው የሰማ መሰለኝ። አልጋነሽ ልጅቱን ይዛ ጥግ ተቀመጠች። ከዚያ በሩ ተንኳኳ፣ እትዬ ባንቺ ናቸው፣ በትራቸውን ይዘው።

"ወገብዎ እንዴት ዋለ፣ እትዬ?"

"ዛሬ ተወኝ" አሉ። ዓይኔን አላዩም። "ጠላሽ ደርሷል ወይስ ሰው ሳይመጣ የቀረው በጠላው ነው?"

ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። አልጋነሽም ሳቀች፤ ከመጣች ጀምሮ ጥርሷን ያየሁት ዛሬ ነው። አራት ሰው፣ አንድ ሕፃን፣ ለአሥራ ሁለት የተጠመቀ ጠላ። አባ "አንብቢልን" አሉ። ወንጌሉን አወጣሁ። ያን ገጽ ከፈትኩት። እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ስጨርስ ቀላል አልሆነልኝም። ታዬን የገደለውን ሰው ይቅር አላልኩም፤ አሁንም አላልኩም። ገጹን ብቻ ነው ያልዘለልኩት።

ልጅቱ ማምሻውን ጡት እንቢ አለች። ሳሉ ወደ ደረቷ ወርዷል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፫

የቀረ ጠላ፦ ሁለት እንስራ። የቀረ ዳቦ፦ አንድ ሙሉ ከምናምን። ዳቦውን ለሠፈሩ ለማኞች ሰጠሁ። ጠላውን ማን ይጠጣዋል?

አስካለ በደጄ ስታልፍ ሰላም አላለችኝም። የሚቀጥለው ወር ተራ የማን እንደሆነ የሚነግረኝ የለም፤ ከእንግዲህም የሚነግረኝ አይመስለኝም። እሑድ ለማን ነው የማነበው? ለእትዬ ባንቺ፣ ወገባቸው ከፈቀደ።

ወደ ደብሪቱ ቤት ልሄድ ተነሳሁና ተመለስኩ። ምን እላታለሁ? ትክክል ነሽ ልላት አልችልም። ተሳስተሻል ልላትም አልችልም። የልጇን ስም እየጠራሁ አብሬያት ላለቅስ እችል ነበር፣ ብታስገባኝ። ምናልባት ነገ። ምናልባት በሯን ትዘጋብኛለች፤ ትዝጋው፣ ከደጅ ሆኜ አለቅሳለሁ፣ ማልቀስ እንደሆነ እችልበታለሁ።

ከቀትር በፊት አልጋነሽ ጨርቅ ልታጥብ ወደ ቀሐ ወረደች። "ትይዥልኛለሽ?" ብላ አልጠየቀችም፣ ጭኔ ላይ አስቀምጣት ሄደች። ፀሐይ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። በጥቁሩ ነጠላ ውስጥ ጥቂት ትታገላለች፣ ትስላለች፣ ትተኛለች። ትንሽ ቆይታ ነጠላውን አረጠበችው። "ክርስትና እናትሽ ላይ እንዲህ ይደረጋል?" አልኳት። ይህን ካልኩ በኋላ ብዙ አወራሁላት። ታዬ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ነገርኳት፤ በቅሎዋን ከእኔ አብልጦ እንደሚንከባከብ፣ ሲተኛ እንደሚያንኮራፋ። በስምንት ወር ውስጥ ስለ እርሱ ሳወራ ያላለቀስኩት ዛሬ ነው።

አልጋነሽ ስትመለስ ጡቷን ሰጠቻት። ልጅቱ ፊቷን አዞረች፣ ከዚያ ያዘች፣ ጥቂት ሳበች፣ ተወች። ደግማ ያዘች። ስንት ጊዜ እንደዋጠች ሁለታችንም ቆጠርን፣ ሰባት ጊዜ።

አሁን ተኝታለች፣ ይህን የምጽፈው በአንድ እጄ ነው፤ ሌላው ግንባሯ ላይ ነው። ትኩሳቱ ወርዶላት ይሁን ወይስ እጄ ከእሷ ጋር ሞቆ፣ መለየት አቅቶኛል። ጥቂት ላንሳውና እንደገና ልዳስሳት።