እናቴን ማን ጠየቃት?

እማዬ፣

ከተለየሽን አራት ዓመት አለፈ። የቤታችንን ጣሪያ አስቀየርኩ። ጓሮ የተከልሽው ሙዝ በዝቶ ለጎረቤትም ተርፏል። ታናሽ እህቴ አግብታ ቀይ አፈር ከተማ ታስተምራለች። እኔ እንደምታውቂኝ ነኝ፤ ዝም በይ ሲሉኝ ዝም አልልም።

እዚህ ጂንካ ስላንቺ ሲነሳ ሰው የጎመን መደብሽንና የመዝሙር ድምፅሽን ያወራል። ሕመምሽን ይዘለዋል። እኔ አልዘለውም።

ያን ሰሞን እንቅልፍ ካጣሽ ሰንብተሽ ነበር። ሊገድሉኝ ነው እያልሽ ገበያ መሃል የሰው ዕቃ በተንሽ፤ ፖሊሶች ወሰዱሽ። ጣቢያ ስደርስ ከተጠርጣሪ ሴቶች ጋር ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠሽ አገኘሁሽ። ክሷ ምንድን ነው ብላቸው ክስ የለባትም፣ ለራሷ ደህንነት ነው አሉኝ። እስከ መቼ እንደሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ሆስፒታል ሄድኩ፤ እምቢ ያለን ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አናስተኛም አሉኝ። ስድስት ቀን በሁለቱ መካከል ተመላለስኩ። አጎቴ አስረን ቤት እናስቀምጣት ቢለኝ ተጣላሁት።

በሰባተኛው ቀን ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ላስጽፍ ሄድኩ። የተያዘ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት የነገረችኝ ማመልከቻ ጸሐፊዋ ናት። ይህን ሰምቼ ማመልከቻዬን ይዤ ችሎት ገባሁ።

አንቺንም አቀረቡሽ። ፖሊሱ ተናገረ፣ የሆስፒታሉ ነርስ ተናገረ፣ እኔም በግድም ቢሆን ትታከም አልኩ። ያኔ ተነስተሽ፣ የአፍ መፍቻሽ አሪኛ በሚጫነው አማርኛሽ፣ "ጌታዬ፣ ስለ እኔ ሁሉም ተናገረ። እኔን ማን ጠየቀኝ?" አልሽ።

ዳኛው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ጠየቀሽ። መተኛት እንደምትፈልጊ፣ መድኃኒቱን እንደምትሞክሪ፣ እጅሽን ግን ማንም እንዳያስር፣ እኔም ከአጠገብሽ እንዳልርቅ ነገርሽው። ትእዛዙ እንዳልሽው ተጻፈ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ስድስት ቀን ስሮጥልሽ ምን ትፈልጊያለሽ ብዬ አንዴም አልጠየቅሁሽም ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሆስፒታል ወጥተሽ ወደ መደብሽ ተመለስሽ። ሁለቴ አገርሽቶብሽ ሁለቴም በእግርሽ ሄደሽ ታከምሽ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖረሽ፣ በመጨረሻ የወሰደብን የልብ ድካም ነው።

ለቀብርሽ የሕይወት ታሪክሽ ሲዘጋጅ ሽማግሌዎቹ ያንን እንተወው አሉ። ወረቀቱን ተቀብዬ ራሴ አነበብኩት፤ ሕመምሽን፣ ጣቢያውን፣ ችሎት ላይ ያልሽውንም። አንዳንዱ መሬት መሬት አየ። ከካኮ የመጣች አንዲት ሴት ግን እጄን ይዛ፣ እህቷ ጎጆ ውስጥ ከተዘጋባት መንፈቅ እንዳለፋት ነገረችኝ። በሳምንቱ አብሬያት ሄጄ በሩን አስከፈትን። እህትየዋን ቁጭ ብዬ ጠየቅኋት፤ ሐኪም ዘንድ ልሂድ አለች፣ ወሰድናት።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው ቤቴን ያንኳኳል። ከሦስት ቤተሰብ ጋር ችሎት ደጃፍ ተቀምጫለሁ። አንዱን ተረትተን ወጥተናል፤ እንደገና አመልክተናል። ከኋላዬ የእብዷ ልጅ ይሉኛል። አዎ፣ ልጅሽ ነኝ።

እማዬ፣ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ደህናዋንም ታማሚዋንም አስታውሳለሁ። ግማሽሽን ደብቄ ግማሽሽን አላለቅስም።

ታላቋ ልጅሽ