ጎደለ ስለተባለው ስድስት ሜትር ከሃያ ሽቦ

ለተከበሩ አቶ ገበየሁ፣
ስሙን ለክብሩ ስል የማልጠራው ጽሕፈት ቤት የንብረት ርክክብ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
መካነ ሰላም።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለወንበርዎ ዓፊያ እመኛለሁ። እኔ ግን ስሜን ከቢሮዎ በር ላይ ተለጥፎ ካየሁት ወዲህ እህልም እንቅልፍም እምቢ ብሎኛል፤ ለዚህ ስጦታዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ባለፈው ጥቅምት፣ መብራት ሄድ መጣ ሲል የተቃጠለች ኮምፒዩተራችሁን ሱቄ ድረስ አምጥታችሁ፣ መብራት ወደሌለባቸው ቀበሌዎች በበቅሎ ተጭና ለምዝገባ የምትወርድ ትንሽ ኮምፒዩተር አድርገሽ ሥሪልን አላችሁኝ። ሠራሁ። ዕቃዋን ከትልቁ ቀፎ አውጥቼ ከጭነቱ በአንዱ ጎን በምትገባ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ አስገባሁ፤ ከጅዳ በሻንጣዬ ያመጣኋትን፣ ከመኪና ባትሪ የምትሠራ ፓወር ሳፕላይ ገጠምኩ፤ ትንሿ ፕሪንተርም ከዚያው ባትሪ እንድትሠራ መስመር አወጣሁላት። የቀድሞው ሽቦ ለአምስት ዲስክ የተበጀ ሲሆን የእናንተዋ ያላት ግን አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገውን በልኩ ቆርጬ በየድኩና ጫፉን በላስቲክ ሸፈንኩ። ሥራ ፈቱ ሽቦ ግን ማራገቢያው ፊት ተጠቅልሎ ከተቀመጠ አየር ዘግቶ ማሽኗን ስለሚያቃጥላት አስወጣሁት። የቆረጥኩትንም በፌስታል ቋጥሬ ከማሽኗ ጋር አስረከብኩ።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ፣ ማለቴ ወደ ምስጋናዎቼ ልግባ።

አንደኛ፣ የንብረት ክፍሉ አቶ ሞላ ያንን ፌስታል ቆሻሻ ነው ብለው ሲጥሉት ከኮሚቴው አንድም ሰው በአካባቢው አልነበረም፤ ሽቦ ጎደለ ሲባል ግን አምስታችሁም ሳትጓደሉ ተገኛችሁ። ለትጋታችሁ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ጉድለቱን ያረጋገጣችሁበት ጥበብ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ቢሮ ውስጥ በደህና ትሠራ የነበረችውን መሰሏን ፈታችሁ፣ ሽቦዋን መዝዛችሁ፣ ከልብስ ሰፊው ከአባተ በተዋሳችሁት ሜትር ለካችሁ። ከዚያ የእኔዋን ሳጥኗን ብቻ ከፍታችሁ፣ ሽቦዋን ሳትመዙ ለክታችሁ ስድስት ሜትር ከሃያ ጎደለ ብላችሁ ቃለ ጉባዔ ያዛችሁ። ያቺ ደህና የነበረችው ማሽን ከዚያች ቀን ጀምሮ አልተነሣችም። ማን እንደገደላት የሚያጣራ ኮሚቴ ሲቋቋም አደራዎን ሰብሳቢው እርስዎ ይሁኑ።

ሦስተኛውን በትሕትና ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። "የመንግሥትን ሽቦ የሰረቀች ኪራይ ሰብሳቢ" ብላችሁ ስሜን ከነአባቴ ስም በር ላይ ለጠፋችሁ። እኔ ሰባት ዓመት ጅዳ በሰው ቤት ሠርቻለሁ። ማዳሜ ወርቋን መታጠቢያ ቤት እየረሳች ትወጣ ነበር፤ ስትመለስም ካስቀመጠችበት ታገኘው ነበር። ይህንን ሙያ የተማርኩትም ልጇ ኮምፒዩተር ሲፈታ ብሎኖቹን እየያዝኩለት ነው። በሰው አገር ያላገኘኝ የሌባ ስም አገሬ ስገባ ጠበቀኝ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይኸው ነው። ወላሂ ተናድጃለሁ!

እናቴ ማንበብ ስለማትችል ማስታወቂያውን ያነበቡላት ጎረቤታችን ወይዘሮ በዛች ናቸው። እሳቸው ሰው ናቸውና የስርቆቱን ነገር ዘለው አነበቡላት፤ እናቴ ግን ከፊታቸው ላይ አነበበችው። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ እንኳ አልደረሰችም። ስድስት ሜትር ከሃያ ሽቦ ነገ ገዝቼ ልተካላችሁ እችላለሁ። እናቴን ከሰው የሚቀላቅላት ግን ከእርስዎ እጅ በቀር የለም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ያንን ወረቀት በገዛ እጅዎ እንዲያነሡትና በቦታው ሌባ አለመሆኔን የሚገልጽ ሌላ ማስታወቂያ፣ በዚያው የፊደል መጠን፣ እንዲለጥፉ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።

በጥቃቅንና አነስተኛ አደራጅታችሁ፣ አጨብጭባችሁ ሰርተፍኬት የሰጣችሁኝ፣ በመጨረሻም በር ላይ የሰቀላችሁኝ፣
የዘወትር አክባሪዎ
ፈርሂያ ሙሐሲን
የኮምፒዩተር ጥገና ባለሙያ
የካቲት 25 ቀን 2006 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ቀን የካቲት 18 ነው። ከየካቲት 16 እስከ 20 በከተማችን መብራት አልነበረም፤ ወፍጮ ቤቶች ቆመው ሰው እህሉን እንደተሸከመ ተመልሷል። በዚያ ሳምንት ከቢሮዎ ዕቃ ሁሉ ጽፋ ማተም የምትችል አንዲት ማሽን ብቻ ነበረች፤ ሽቦዋ አጠረ ብላችሁ የከሰሳችሁኝ እሷው። ሌባ መሆኔን ሙሉ ገጽ ሳትቋረጥ ማተሟን ሳስብ፣ እንደ ሠሪዋ ኮርቻለሁ። የእርማቱንም ማስታወቂያ በእሷው ያስጽፉ፤ መብራት እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግዎትም።