በድንች በር ወደ ኦለሱንድ ስለመውረዴ

ለክቡር ሚስተር ላዮኔል ፕሩዌት
የሄልምስወርዝ የመርከብ ጉዞ ኩባንያ የእንግዶች ደኅንነትና ምቾት ዋና ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ጉልበትዎ፣ ወገብዎና ቁርጭምጭሚትዎ እንደ ልብ ይታዘዙልዎት ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ። አንድ ቀን ቢያምፁብዎና በራስዎ መርከብ ለመጓዝ ቢገደዱ ምን እንደሚገጥምዎ ስለማውቅ፣ እንዲህ ያለውን ክፉ ነገር ለማንም አልመኝም።

እኔ ኖርማ ስኬልተን እባላለሁ። የግሪምስቢ ነዋሪ፣ ጡረታ የወጣሁ የአውቶቡስ ሾፌር፣ የመገጣጠሚያ በሽታ እግሮቼን ከያዘብኝ ወዲህም በባትሪ በምትሠራ ባለአራት ጎማ ስኩተር የምንቀሳቀስ ሴት ነኝ። ባለፈው ሰኔ «የሰሜን እመቤት» በተባለችው መርከብዎ ወደ ኖርዌይ ወደቦች ተጉዤ ስመለስ፣ «የመርከቧን ሥርዓት በመጣስ የራስዎንና የሌሎችን ደኅንነት አደጋ ላይ ጥለዋል፤ የመውጫ ኃላፊያችንን ሚስተር ኮልቢን ይቅርታ ይጠይቁ» የሚል ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ከልብ አመሰግናለሁ። ከኩባንያዎ ያለ አንዳች እንቅፋት ደጄ ድረስ የመጣልኝ ነገር ቢኖር ይኸው ደብዳቤ ብቻ ነው።

መልሴ መሳቢያዎ ውስጥ ገብቶ ብቸኝነት እንዳይሰማው በማሰብ በከተማችን ጋዜጣ እንዲወጣ አድርጌአለሁ። ምስጋናዬንም ለአንባቢ እንዲመች በተራ በተራ አስቀምጬዋለሁ።

1. ስለ በርገን። «ስኩተር ያላቸው እንግዶች መጨረሻ ላይ ይወርዳሉ» ተብዬ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬቶች ከሚቀመጡበት ቁም ሣጥን አጠገብ እንድጠብቅ ተደረገ፤ እኔም ጠበቅሁ። የወረደው ሕዝብ ከተማውን አይቶ፣ ዓሣውን በልቶ፣ የሱፍ ኮፍያውን ገዝቶ መመለስ ሲጀምር «አሁን መውረድ ይችላሉ» ተባልኩ። ወርጄ አንድ የመብራት ምሰሶ ዞሬ ተመለስኩ። ምሰሶው ግሩም ነበር።

2. በተራሮች መሐል ስላለችው መንደር። መርከቧ ውሃ ላይ ቆማ ሰው በትንንሽ ጀልባ ስለሚወርድ፣ ስኩተር አይጫንም ተባለ። ይህን እንኳ ተረድቼአለሁ፤ ጀልባ ጀልባ ነው። ለማጽናኛ ያህል ስለ መንደሯ የተሠራ ፊልም በአዳራሽ እንዳይ መጋበዜ ግን ልቤን ነክቶታል። የአዳራሹ መግቢያ ደረጃ መሆኑን ማንም ልብ ስላላለው ፊልሙን ከኮሪደር ሆኜ አዳመጥኩት። ሙዚቃው ጥሩ ነው።

3. ስለ ኦለሱንድ። እዚህ ላይ ቁጥሩን ትቼ የሆነውን እንደሆነው ልንገርዎ፤ መርከብዎ ላይ የተሳፈርኩት ለኦለሱንድ ብቻ ብዬ ነውና።

በልጅነቴ ግሪምስቢ ባለ የዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ቱሪድ ከምትባል የኖርዌይ ልጅ ጋር ጎን ለጎን ቆመን ዓሣ እንበልት ነበር። እንግሊዝኛ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ስለዚህም ከምታውቀው ግማሹ ስድብ ነው። በኋላ አገሯ ተመልሳ ኦለሱንድ ውስጥ አግብታ ወልዳ ቀረች። እኔም አገባሁ፣ ባሌንም ቀበርኩ። በደብዳቤ፣ ኋላም በስልክ ሳንጠፋፋ አረጀን እንጂ ዳግመኛ ዓይን ለዓይን አልተያየንም። ባለፈው የገና ሰሞን ደወለችልኝ።

«ኖርማ፣ ዓይኔ እየጠፋ ነው» አለችኝ።

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«አይመለስም አለ። አሁን እንኳ የሰው መልክ የምለየው አፍንጫችን ሊነካካ ሲደርስ ነው። የምትመጪ ከሆነ ቶሎ ነይ። ኋላ መጥተሽ ‹እኔ ዛሬም ቆንጆ ነኝ› ብትዪኝ አምኜሽ እቀራለሁ።»

ሐኪሜ አውሮፕላን ከልክሎኛል። በዚያው ሰሞን በማስታወቂያዎ ላይ ስኩተሯ ላይ ተቀምጣ የምትስቅ ሴት አየሁ፤ ለምን እንደምትስቅ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። ቢሮዎ ደውዬ ኦለሱንድ ላይ በስኩተር መውረድ ይቻል እንደሆነ ብጠይቅ «ያለ ጥርጥር!» ተባልኩ፤ ተሳፈርኩ።

የደረስን ዕለት ጠዋት ሚስተር ኮልቢ መውረጃው ድልድይ ጋ በነጭ ዩኒፎርም ቆሞ ጠበቀኝ።

«እመቤት፣ ባሕሩ ስለሞላ ድልድዩ እንደ ገደል ቀጥ ብሏል። ስኩተር አይወርድም።»

«መቼ ይጎድላል?»

«ከሰዓት በኋላ።»

«መርከቧስ መቼ ነው የምትነሣው?»

«ከሰዓት በኋላ።»

«እንግዲያው ስኩተሩ ይቅር፤ ደግፋችሁ አውርዱኝ።»

«እንግዳ መንካት አይፈቀድልንም።»

«ሌላ ደልዳላ መውጫ የለም?»

«የለም እመቤት። ቢኖር ደስታውን አልችለውም ነበር።»

ላይኛው ደርብ ወጥቼ ከብረት መደገፊያው አጠገብ ቆምኩ። ቱሪድ ቢጫ የዝናብ ካፖርት ለብሳ፣ የልጇን የሲግሩንን ክንድ ይዛ ወደቡ ላይ ቆማለች። የላከችልኝን ፎቶ ባላይ እንኳ በአቋሟ አውቃት ነበር፤ ፋብሪካ ውስጥም እንደዚያው አንድ ትከሻዋን ዘንበል አድርጋ ነበር የምትቆመው። የአንገት ልብሴን ፈትቼ አውለበለብኩ። ሲግሩን አይታኝ ለእናቷ በጣቷ ጠቆመቻት። ቱሪድም እጇን አንሥታ፣ ፊቷ በደስታ በርቶ፣ ለመርከቧ ጭስ ማውጫ ሰላምታ ሰጠች።

እኔ አየኋት፤ እሷ አላየችኝም።

እንባዬን ለመጥረግ ጎንበስ ስል ግን ዓይኔ ወደ ታች ሄደ። በመርከቧ ጎን፣ ልክ በወደቡ ከፍታ፣ ሰፊ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከበሩ እስከ ወደቡ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ የብረት መረማመጃ ተዘርግቷል። በመረማመጃው ላይ ፎርክሊፍት የሚሉት የዕቃ ማንሻ መኪና እየተመላለሰ ድንች ያስገባል። ለድንቹ ድልድዩ ቀጥ ብሏል ያለው የለም፤ መጨረሻ ጠብቅ ያለውም የለም።

በሊፍት ወርጄ በወጥ ቤቱ ኮሪደር በኩል ወደ በሩ ስነዳ ሚስተር ኮልቢ እያለከለከ ደረሰብኝ።

«እመቤት! ይሄ በር እኮ ለዕቃ ነው!»

«የለም አላልከኝም ነበር?»

«ለእንግዳ የለም ማለቴ ነው።»

«እንግዲያው ዕቃ ነኝ። ድንች ነች በልና አሳልፈኝ።»

«መመሪያው አይፈቅድም። ይመለሱ!»

ይህን ጊዜ ከውጭ፣ ከወደቡ በኩል የቱሪድ ድምፅ መጣ። «ኖርማ! አንቺ ነሽ? ምን ትሠሪያለሽ እዚያ?»

«ሰውዬው አላሳልፍ አለኝ!»

«እኔ ልንገረው?»

«ንገሪው!»

ነገረችው። ፋብሪካ ውስጥ ካስተማርኳት አንዲትም ቃል አልጠፋባትም፤ አነጋገሯ ሳይቀር የግሪምስቢ ነበር። ሚስተር ኮልቢ ጆሮው እስኪቀላ ሰማት። የፎርክሊፍቱ ሾፌር ሞተሩን አጥፍቶ ከት ብሎ ሳቀና፣ መልሶ አስነሥቶ ወደ ዳር ወጣልኝ። እኔም የስኩተሬን እጀታ ጨበጥኩ።

«ይቁሙ! እመቤት፣ ይቁሙ እያልኩ ነው!»

አውቶቡስ ስነዳ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ከኋላ የሚጮህብኝን ሰው አለመስማት የሥራዬ አካል ነበር። መረማመጃውን ተሻግሬ ኦለሱንድ ገባሁ።

ቱሪድ በዳበሳ መጥታ ጉንጮቼን በሁለት እጆቿ ያዘች። አፍንጫዋን አፍንጫዬ ላይ ልታሳርፍ እስክትደርስ ተጠግታ ግንባሬን፣ ዓይኖቼን፣ አፌን በየተራ አየች። ትንፋሿ ይሰማኛል። ሲግሩን ፊቷን አዞረች።

«አርጅተሻል» አለችኝ በመጨረሻ።

«አንቺስ መስታወት ካየሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«እኔማ ተገላገልኩ፤ ባየውም አያሳየኝ።»

ተሳሳቅን፤ ቀጥሎ የሆነው ግን እርስዎን አይመለከትም። ቤቷ ወደቡ አጠገብ ስለሆነ ሄደን የዓሣ ሾርባ በላን። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙራ አስቀመጠችኝ። ወሬያችን ጋብ ባለ ቁጥር ወንበሯን አስጠግታ ደግማ ታየኛለች፤ ነገ ፈተና እንዳለበት ሰው ታጠናኝ ነበር።

መርከቧ ሳትነሣ በወጣሁበት በር ተመለስኩ። ሚስተር ኮልቢ የስኩተሬን ቁልፍ «ለራስዎ ደኅንነት ሲባል» ተረከበኝ፤ እንግሊዝ እስክንገባም ከክፍሌ አልወጣሁም። ምግብ ክፍሌ ድረስ ስለመጣልኝ አመሰግናለሁ። ሾርባው እንደ አቀባበላችሁ ሁሉ ቀዝቃዛ ነበር።

አሁን የቱሪድ ዓይን ከናካቴው ጠፍቷል። ባለፈው ሳምንት ሲግሩን ይህንኑ ልትነግረኝ ደውላ ገና ሳትጨርስ፣ ቱሪድ ስልኩን ነጠቀቻት። «አታልቅሺ» አለችኝ። «አንቺን አይቼ ጨርሻለሁ።»

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ይቅርታውን በተመለከተ ብዙ አስቤበታለሁ፤ አልጠይቅም። ሚስተር ኮልቢ የታዘዘውን የፈጸመ ሰው ነው። ደልዳላውን በር ለአትክልት፣ ገደሉን ለሰው የደለደለውን መመሪያ የፈረሙት ግን እርስዎ ነዎት። መመሪያዎን አክብሬ ቢሆን ኖሮ ጓደኛዬ የኔ ነው ብላ በልቧ የያዘችው የመጨረሻ መልክ የአንድ ጭስ ማውጫ ይሆን ነበር።

ዘመንዎ ሁሉ ሽቅብ ብቻ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከተቀመጥኩበት ሳልነሣ እጅ የምነሣዎ፣

ኖርማ ስኬልተን
ከግሪምስቢ

ማሳሰቢያ፦ ጸሐፊዎ በስልክ «ቅሬታ ካለዎት በአካል ቀርበው ያስረዱ» ስላለችኝ ባለፈው ማክሰኞ መሥሪያ ቤትዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ሊፍት እንደሌለ፣ ደረጃው ግን በጣም ሰፊ እንደሆነ የበሩ ዘበኛ አስረዳኝ። ሰሌዳው ላይ «የእንግዶች ምቾት ክፍል፣ ሦስተኛ ፎቅ» ከሚለው ሥር ስምዎ በወርቃማ ቀለም ተጽፏል። ከታች ሆኖ ለሚቀር ሰው በደንብ ይነበባል።